ጋልቫናይዝድ ብረት የተነከረበት አሲድ፦ ሶዳ ጨምሮ መድፋት ይበቃል?

ቱቦ በያጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ የብረታ ብረት ሥራ አለኝ። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቱቦ ከመበየዴ በፊት ጫፍ ጫፉን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ እነክራለሁ። ዚንኩ ሳይነሳ ከተበየደ ጭሱ መጥፎ ነው፣ ማታ እንደ ወባ ሲያንቀጠቅጥ ያድራል። የዛገ ብረትም እዚያው አሲድ ውስጥ አጥባለሁ። ችግሬ ያለቀለት አሲድ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሞልቶ ተቀምጧል። ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚያደላ ቀለም ይዟል፣ ብረት ሲገባበትም እንደ ድሮው አይፈላም።

የሰማሁት ምክር ብዙ ነው። አንዱ "ቤኪንግ ሶዳ ጨምርበት፣ መፍላቱን ሲያቆም ፍሳሽ ውስጥ ድፋው" ይላል። ሌላው "ውሃ አብዝተህ አቅጥነውና ልቀቀው" ይላል። የፈሰሰበትን ወለል በበረኪና እጠበው፣ ሽታውን ያጠፋዋል ያለኝም አለ። ሶዳው ስንት ኪሎ እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ሌላው ደግሞ፣ ጥግ ላይ ጽሑፉ የተላጠ አሮጌ የብርጭቆ ጠርሙስ አለ። አሲድ ነው ይባላል፣ ምን አሲድ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የተቀዳም ትንሽ አለ። ሁሉንም አንድ ላይ ቀላቅዬ ባንዴ ብገላገልስ?


ንጹሕ አየር፦

ሌላውን ሰዎች ይመልሱልሃል፣ እኔ በረኪናውን ላስቁምህ። አሲድና በረኪና ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ ወታደሮችን የፈጀው ያው ጋዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ይዞ ይሄዳል፣ አንተ ደግሞ ጎንበስ ብለህ ነው የምታጥበው። በረኪናውን ከአሲዱ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይም አታስቀምጠው።

ወለሉ ላይ ለፈሰሰው ቤኪንግ ሶዳ ነስንስበት፣ ከዳር ጀምረህ ወደ መሃል። መፍላቱን ሲያቆም በፕላስቲክ ማፈሻ አንሳው፣ ከዚያ በውሃ ወልውለው። ሰጋቱራ ደግሞ አትበትንበት። ሃይድሮክሎሪክ ላይ ላይታወቅህ ይችላል፣ የፈሰሰው ናይትሪክ አሲድ ከሆነ ግን ሰጋቱራው ሊቀጣጠል ይችላል።

ቀላቅዬ ላልከው፦ በፍጹም።


ጠብታ፦

እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

"ስንት ኪሎ ሶዳ" የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው "ይሄ አሲድ እስካሁን ምን በላ?" ነው። ንጹሕ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ብትጨምር የሚቀርህ የገበታ ጨው፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሱን ማንም አይፈራውም። ያንተ ግን ንጹሕ አይደለም። ከቱቦው ላይ የተነሳው ዚንክ የትም አልሄደም፣ ሟሙቶ ጀሪካኑ ውስጥ ተቀምጧል። ቢጫና አረንጓዴ ያልከው ቀለም የሟሟ ብረት ነው። ለጋልቫናይዝ የሚውለው ዚንክ ራሱ ጥቂት እርሳስ ወይም ካድሚየም ሊኖረው ይችላል። ሶዳው የአሲዱን ማቃጠል ይሰብራል እንጂ ብረቶቹን አያጠፋም። ለዚህ ነው "ሶዳ ጨምረህ ድፋው" የሚለው ምክር ግማሹ ብቻ ልክ የሆነው።

ውሃ አቅጥነህ ልቀቀው የሚለው ከዚህም ይብሳል። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፣ 7 ገለልተኛ ነው፣ ቁጥሩ ከዚያ ባነሰ መጠን አሲዱ ይጠነክራል፤ የሚሄደውም በአሥር እጥፍ ነው። ፒኤች 0 የሆነ 1 ሊትር አሲድ በንጹሕ ውሃ ብቻ ፒኤች 6 ላይ ለማድረስ ወደ 1 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ማን ነው ይህን ያህል ውሃ የሚያፈሰው? ቢያፈስም ዚንኩ ቁጥሩ ያው ነው፣ ሰፊ ቦታ ላይ ተበተነ እንጂ አልቀነሰም።

አሁን ሂሳቡ። 37 በመቶ የሆነው አዲሱ ጠንካራ አሲድ 1 ሊትሩ ውስጥ 12 ሞል (የኬሚስቶች የመጠን መለኪያ ነው) ያህል አለ፣ ለአንዱ ሞል 84 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ይሄዳል። ስለዚህ 1 ሊትር ጠንካራ አሲድ 1 ኪሎ ሶዳ ገደማ ይፈልጋል። ገዝተህ በእኩል ውሃ አቅጥነኸው ከነበረ የ20 ሊትሩ ጀሪካን 10 ኪሎ ሊፈልግ ነው። እዚህ ጋ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። "አሲዴ ደክሟል፣ ትንሽ ሶዳ ይበቃዋል" ይባላል። አይበቃውም። አሲዱ ዚንክና ብረት ሲበላ ወደ ዚንክ ክሎራይድና አይረን ክሎራይድ ተለወጠ፤ እነዚህም ብረታቸውን ጥለው እንዲዘቅጥ ለማድረግ የየራሳቸውን ሶዳ ይወስዳሉ። አሁን ባለው ጉልበቱ ሳይሆን ሲጀመር በነበረው መጠን አስላ።

ጋዙንም አስላው። 1 ሊትር ጠንካራ አሲድ ሲሰበር ወደ 290 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። የጀሪካንህ በሙሉ ወደ 2,900 ሊትር ሊደርስ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይሄ አየር ያሳጣል፣ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ደግሞ ዕቃውን ያፈነዳል። ደጅ፣ ነፋስ ባለበት፣ ነፋሱን ከጀርባህ አድርገህ ብቻ ነው የሚሠራው።

የአሠራሩ ነገር፦ ሰፊ የፕላስቲክ በርሜል ወይም ገንዳ ያዝ፣ አብዛኛው ባዶ ይሁን፣ አረፋው ሲነሳ ቦታ ይፈልጋል። ጋልቫናይዝድ ባልዲ ወይም አሉሚኒየም አይሆንም፣ አሲዱ ዕቃውን እየበላ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ እሱ ደግሞ በትንሽ ብልጭታ የሚቀጣጠል ጋዝ ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ አሲዱ ውሃው ላይ ቀስ እያለ። ውሃን አሲድ ላይ ማፍሰስ የለም። ከጀሪካኑ 1 ሊትር ያህል ብቻ እየቀዳህ ሥራ፣ ሁሉንም ባንዴ አትሞክረው። ሶዳውን በእፍኝ በእፍኝ፣ አረፋው ቁጭ እስኪል እየጠበቅህ፣ በፕላስቲክ ዘንግ እያማሰልክ። መፍላቱ ስለቆመ ብቻ አለቀ አትበል፤ ያልሟሟ ሶዳ ታች ተቀምጦ ላዩ አሲድ ሊሆን ይችላል። አማስል፣ ጠብቅ፣ በፒኤች ወረቀት ለካ፣ ጥቂት ቆይተህ ደግመህ ለካ። ቀይና ሰማያዊ ብቻ የሚያሳየው ሊትመስ አይበቃም፣ ቁጥር የሚሰጥህን ወረቀት ያዝ።

ቤኪንግ ሶዳን የምወድበት ምክንያት አለኝ። ብታበዛው እንኳ ፒኤቹ 8 ከምናምን አያልፍም፣ ወደ ሌላኛው ጽንፍ አይወስድህም። በኮስቲክ ሶዳ እንዳትሞክረው። እሱ ራሱ ሥጋ ይበላል፣ ከጠንካራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ፈሳሹን ሊያፈላውና ፊትህ ላይ ሊረጨው የሚችል ሙቀት ያወጣል።

ሲያልቅ ነጣ ያለ ወይም አረንጓዴ ጭቃ ታች ይወርዳል፣ አየር ሲያገኘው ወደ ቡናማ ይዞራል። ዚንኩና ብረቱ እዚያ ውስጥ ነው። ይሄን ዝቃጭ ነው አጥልለህ፣ አድርቀህ፣ ከረጢት ውስጥ ከተህ፣ በላዩ ምን እንደሆነ ጽፈህ ለአደገኛ ቆሻሻ ሰብሳቢ የምትሰጠው። ላዩ ላይ የቀረው ጥርት ያለ ውሃም ዚንክ ሊቀረው ስለሚችል፣ ፍሳሹን የሚያስተዳድረው ክፍል ስንት እንደሚፈቅድ ሳትጠይቅ አትልቀቀው።

ልብስ፦ ዓይንን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን መነጽር፣ በላዩ የፊት መከለያ፣ ወፍራም የጎማ ጓንት፣ የጎማ ሽርጥ። ቆዳህን ከነካህ ውሃ ብቻ፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ። ሰውነት ላይ ሶዳ አይነሰነስም፣ ሙቀቱ ሌላ ቁስል ይጨምርልሃል። ዓይን ከሆነ እየታጠብክ ነው ወደ ሐኪም የምትሄደው።


ሚዛን፦

ጠብታ የጻፈው ኬሚስትሪ ልክ ነው፣ መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። እኔ አደገኛ ቆሻሻ ከሚሰበስቡ ሰዎች ጋር ነው የምውለው። 20 ሊትር ብረት የሟሟበት አሲድ በእፍኝ ሶዳ እየሰበሩ መዋል ምን ትርፍ አለው? ዞሮ ዞሮ ዝቃጩን ለሰብሳቢ ልትሰጥ ነው። 20 ሊትር አሲድ ይዘህ ጀምረህ፣ የረጠበ ጭቃ፣ የጨው ውሃና የቆሸሸ ገንዳ ይዘህ ትጨርሳለህ። አሲዱን እንዳለ፣ በደህና ጀሪካን፣ በላዩ "ያገለገለ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ዚንክና ብረት ያለበት" ብለህ ጽፈህ ማስረከብ ይሻላል። ሰብሳቢው በትልቅ ገንዳ፣ በፓምፕና በመለኪያ ይሠራዋል፣ ጋዙም የሚሄድበት አለው።

የሕጉም ነገር አለ። ብዙ አገር ውስጥ ከሥራ ቦታ የወጣ አሲድን ራስህ ማክሸፍ "ቆሻሻ ማከም" ተብሎ ፈቃድ ሊያስጠይቅ ይችላል። ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ ፒኤቹ 2 እና ከዚያ በታች፣ ወይም 12.5 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፈሳሽ ቆሻሻ በዚሁ ብቻ አደገኛ ይባላል፣ ውሃ ጨምሮ ከዚያ ቁጥር ለማምለጥ መሞከርም የተከለከለ ነው። የአንተን አገር ደንብ ጠይቅ።

ጠርሙሱን በተመለከተ፦ አትክፈተው፣ አታሽትተው፣ አትነቅንቀው። ከውጭ ብቻ ተመልከት። ክዳኑ ዙሪያ ወይም ውስጡ ቢጫ ቅንጣት ካየህ ከዚያ ክፍል ውጣና ባለሙያ ጥራ። ፒክሪክ አሲድ የሚባል አለ፣ ሲደርቅ ፈንጂ ነው፣ ክዳን ማዞር ብቻ ይበቃዋል። ቀይ ቡናማ ጭስ ከፈሳሹ በላይ ካለ ናይትሪክ ሊሆን ይችላል። እንደ ዘይት የሚወፍር፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ከሆነ ሰልፈሪክ ሊሆን ይችላል። ይሄ ሁሉ ግን ግምት ነው፣ በግምት ማንም ሶዳ አይጨምርም።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ሃይድሮፍሎሪክ ነው። በአንዳንድ የዝገት ማስለቀቂያና የአሉሚኒየም ማጽጃ ውስጥ ይገኛል። ቀጠን ያለው ሲነካህ ወዲያው ላያምህ ይችላል፣ ከሰዓታት በኋላ ነው አጥንት ድረስ የሚያንገበግበው፣ የደምን ካልሲየም ስለሚይዝ ልብን ሊያቆም ይችላል። ሐኪሞች ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል የሚቀቡት ለዚህ ነው። ብርጭቆ ስለሚበላ በፕላስቲክ ነው የሚቀመጠው፣ ያንተ ጠርሙስ ብርጭቆ መሆኑ ትንሽ ተስፋ ይሰጣል፤ እኔ ግን እጄን አስይዤ አልወራረድበትም።

የባትሪውን አሲድ ደግሞ ለብቻው አቆየው። እርሳስ አለበት። ባትሪ ከነአሲዱ፣ ሳይቀዳ፣ ወደ ሻጩ ወይም ወደ ባትሪ ሰብሳቢ ነው የሚመለሰው። ለወደፊቱ ማንም እንዳይቀዳ ንገራቸው።


ቱቦ በያጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠርሙሱን አልነካውም፣ በረኪናውንም አውጥቻለሁ። ሚዛን ያልከው ደስ ይላል፣ ግን እንዲህ ዓይነት ሰብሳቢ አቅራቢያዬ እስካሁን አላገኘሁም። ሳገኝ ድረስ ጀሪካኑ ያብጥብኝ ይሆን? ደግሞ ኖራ ከሶዳ አይሻልም? መሬት ቆፍሮ ኖራ ነስንሶ አሲዱን እላዩ ላይ ማፍሰስ ሰዎች ሲያደርጉ አይቻለሁ።


ሥረ መሠረት፦

የአፈሩን እኔ ልመልስ። ጉድጓድ ውስጥ ኖራ ነስንሶ አሲድ ማፍሰስ የሚሠራ የሚመስለው ከላይ ስለሚጨስና ስለሚፈላ ነው። ግማሹ አሲድ ኖራውን ሳያገኘው በስንጥቅ ወርዶ ያልቃል። አፈሩ ውስጥ ታስረው የነበሩ ሌሎች ብረቶችን ሳይቀር አሟሙቶ ይዟቸው ይወርዳል፣ መውረጃው ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ዚንኩ እዚያው ከቀረ ተክል ያመነምናል። የሴፕቲክ ታንክ ያለህ ከሆነ እዚያም እንዳታስበው፣ ቆሻሻውን የሚያፈርሱትን ባክቴሪያዎች ትገድላቸዋለህ። ፍሳሽ መስመር ውስጥ ያልተሰበረ አሲድ ኮንክሪትና የብረት ቱቦ ይበላል፣ እዚያ የተቀመጠ ሰልፋይድ ካገኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣል፣ ጉድጓድ የገባ ሠራተኛ የሚገድል ጋዝ ነው።

ኖራው ራሱ መጥፎ አይደለም። ፋብሪካዎችም ይጠቀሙበታል፣ ዚንክ ከሶዳው ይልቅ በኖራ የተሻለ ይዘቅጣል። ግን በውሃ የበረደው ኖራ መሆን አለበት። ያልበረደው ውሃ ሲነካው ብቻውን ይፈላል፣ እሱን አሲድ ላይ መጣል እብደት ነው። የበረደውም ቢሆን ከበዛ ፒኤቹን እስከ 12 ገደማ ይገፋዋል። ዚንክ ጠባዩ ክፉ ነው፣ ፒኤቹ 9 እና 10 አካባቢ ሲሆን ይዘቅጣል፣ 11 ሲያልፍ ተመልሶ ይሟሟል። በፒኤች ወረቀት ሳይሆን በዓይን ግምት የሚሠራ ሰው የዘቀጠለትን ዚንክ መልሶ ያሟሟዋል ማለት ነው። የኖራ ድንጋይ ጠጠር ላይ ማፍሰስም የሚሉ አሉ። ለባትሪ አሲድ በተለይ አይረባም፣ ጠጠሩ ጂፕሰም ለብሶ ሥራውን ያቆማል፣ አሲዱ ዳር ዳሩን አልፎ ይሄዳል።


ጠብታ፦

ሚዛን ትክክል ነው፣ ሰብሳቢ ካለ እኔም የምመርጠው ያንን ነው። ሂሳቡን የጻፍኩት ስለተጠየቀ ነው፣ የፈሰሰ ነገር ለማጽዳትም ይጠቅማል።

ስለማቆየቱ፦ አሲዱ ውስጥ ያልሟሟ ብረት ከቀረ ሃይድሮጅን ማውጣቱን ይቀጥላል፣ ጀሪካኑ የሚያብጠው በዚህ ነው። ቁርጥራጩን በፕላስቲክ መያዣ አውጣ። ወፍራም የፕላስቲክ ጀሪካን ይሁን፣ ጋዝ የሚያስወጣ ክዳን ያለው። ከሌለ ክዳኑን እስከ መጨረሻው አታጥብቀው። እሳትና ብየዳ ካለበት አርቀው፣ የጀሪካኑን ሙሉ ይዘት የሚችል የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው። ከመሣሪያዎችህም ለየው፣ እንፋሎቱ አጠገቡ ያለውን ብረት ሁሉ ያዝገዋል።


የእጅ ሥራ፦

ጣልቃ ልግባና፣ እኔ ጌጣጌጥ ነው የምሠራው፣ የኔ ናይትሪክ ነው። ያለቀው ውስጥ መዳብና ብር አለ። ቆሻሻዬን ሁሉ፣ ማጠቢያ አልኮሉንም ጭምር፣ አንድ ጋሎን ውስጥ ነው የማጠራቅመው። ችግር አለው?


ሚዛን፦

አለው፣ ትልቅ ችግር። ናይትሪክ አሲድና አልኮል፣ ወይም ናይትሪክና አሴቶን፣ በአንድ ዕቃ ውስጥ ዝም ብለው ቆይተው በድንገት ሊፈነዱ ይችላሉ። የላብራቶሪ ቆሻሻ ጠርሙስ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ከአሁን ጀምሮ ምንም አትጨምርበት። ከሞቀ፣ አረፋ ካለው ወይም ካበጠ አትጠጋው፣ ክዳኑን ለመክፈትም አትሞክር፣ ሰው አርቀህ እሳት አደጋ ጥራ። ጸጥ ያለ ቢሆንም ራስህ አትለየው፣ ለባለሙያ የተቀላቀለውን በትክክል ንገረው።

ቀይ ቡናማውን ጭስም አትናቀው። ሲተነፍሱት ጉሮሮ ከመቧጨር በላይ የማይመስል ሊሆን ይችላል፣ ሳንባ ውስጥ ውሃ የሚሞላው ከሰዓታት በኋላ ነው። ጭሱን የተነፈሰ ሰው ደህና ነኝ ቢልም ይታይ። ሳያናይድ ያለበት የወርቅ ቅብ መፍትሔ ካለህ ደግሞ ከማንኛውም አሲድ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንዳይውል።


የእጅ ሥራ፦

እሺ፣ ገባኝ። ጋሎኑ ጸጥ ያለ ነው፣ አልሞቀም። አሁኑኑ እደውላለሁ።


ንጹሕ አየር፦

ቱቦ በያጅ፣ ስለ ማስወገድ ይሄን ያህል ተወራ፣ ስለ መቀነስም ትንሽ። ለብየዳ የምትፈልገው ጫፉን ብቻ ከሆነ ዚንኩን በግራይንደር ማንሳት ይቻላል፣ ብናኙን የሚከለክል ማስክ አድርገህ፣ አሲድ ሳይነካው። አሲድ ላይ ከቆየህም ዚንክ የሚነሳበትንና ዝገት የሚታጠብበትን ዕቃ ለየው። ዚንክ ያልገባበት የብረት አሲድ ለሰብሳቢም ቀላል ነው፣ ለብቻው ዋጋ የሚሰጡት ፋብሪካዎችም አሉ፣ አይረን ክሎራይድ ለፍሳሽ ማጣሪያ ስለሚውል።


ሥረ መሠረት፦

እዚህ ላይ ልጨምር። "አሲዱን በሲትሪክ አሲድ ተካው፣ ከሎሚ የሚገኝ ነው፣ አይጎዳም" የሚል ምክር ይመጣብሃል። ለቀላል ዝገት ጥሩ ነው፣ እጅም አያቃጥል። ያለቀው ግን ለማክሸፍ ይበልጥ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ሲትሬቱ ብረቶቹን አቅፎ ይይዛቸዋልና ፒኤቹን ብታስተካክልም አይዘቅጡም። ውሃው ጥርት ብሎ ፒኤች 8 ላይ ታየውና ንጹሕ ይመስልሃል፣ ዚንኩ ግን እዚያው ውስጥ ነው። ዚንክ ላለበት ሥራ አልመክርህም።


ቱቦ በያጅ፦

ግራይንደሩን እሞክራለሁ። ጀሪካኑን ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ ክዳኑን አላልቻለሁ፣ ቁርጥራጭ ብረትም ነበረው፣ አውጥቻለሁ። ያወጣሁትን ብረት በምን ልጠበው?


ጠብታ፦

የሶዳ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ንከረው፣ መፍላቱ ሲያቆም አውጥተህ በትንሽ ውሃ አለቅልቀው። ማለቅለቂያውንም አትድፋው፣ ዚንክ ስላለበት ክዳን ባልጠበቀ ሌላ ጀሪካን ለየብቻ አስቀምጠው። ሶዳ ያለበትን ውሃ መልሰህ ወደ አሲዱ ጀሪካን አታስገባ፣ ገንፍሎ ይወጣብሃል።